ጋሽ ሚደቅሳ እና «ገባችሁ?»

ጋሽ ሚደቅሳን አንድ መቶ አርባ ሦስት ጊዜ የከሰስኳቸው በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ነው። ክሱ አማርኛ መናገር ነበር። አምስተኛ «ለ» ክፍል ከኋላ ወንበር ላይ ደብተር ዘርግቼ ተቀምጬ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በዞሩ ቁጥር አንዲት ጭረት እስብ ነበር። አርባው ደቂቃ ሲያልቅ ጭረቶቹ ገጹን ሞልተው ወደ ሁለተኛው ተሻግረዋል። የጠመኔውን ብናኝ ከኮታቸው ላይ እያራገፉ መጡና ደብተሬ ላይ አጎነበሱ።

«ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ» አልኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምክንያቱም እኔን ራሴን ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ እዚያው ትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

በዚያ ዓመት የእንግሊዝኛ መምህር ሁሉ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ይናገር የሚል መመሪያ ከበላይ መጥቶ ነበር። መመሪያውን ያን ጊዜም አልተቃወምኩትም፣ ዛሬም አልቃወመውም። ልጅ ቋንቋ የሚለምደው ሲሰማው ነው፤ በእኛ ትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል እንጂ ማንም ሲናገረው አይሰማም። መምህራኑን የሚረዳ አንድ ሰው ከየትምህርት ቤቱ ሦስት ሳምንት ይሠልጥን ሲባል ከእኛ የተላኩት እኔ፣ ሳዲያ ነኝ። የልብስ ሰፊው የአብዱልመናን ልጅ፣ እዚያው የማስተምር፣ ሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ምላሴ ከሐሳቤ የሚቀድም። ሰርተፊኬቱ ወዲያው አልተሰጠኝም። የረዳሻቸው መምህራን ክፍል ታይቶ ነው የምታገኚው አሉኝ።

ክፍሉን የሚያዩት ወይዘሮ የሺሀረግ የሚባሉ ሱፐርቫይዘር ነበሩ፤ የሚመጡት በታኅሣሥ አጋማሽ ነው። በእንግሊዝኛ ማስተማር ያልቻለ ከእንግሊዝኛ ይነሳል። ለሌሎቹ አምስት መምህራን ይሄ ያን ያህል አልከበዳቸውም፤ ወጣቶች ናቸው፣ ቢነሱ ኅብረተሰብ ያስተምራሉ። ጋሽ ሚደቅሳ ግን ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አራቱን ዓመት ከእንግሊዝኛ ሌላ አስተምረው አያውቁም። «ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀረው ሳዲያ» አሉኝ የዚያን ቀን። «ከሰሌዳው ፊት አያንሱኝ እንጂ ሌላ ምንም አልለምንም።»

ለልደታ ሰው ጋሽ ሚደቅሳን ማስተዋወቅ ሞኝነት ነው። ቤታቸው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው፤ ጥዋት ጥዋት በእግራቸው ሲመጡ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ሁሉ ብድግ ይሉላቸዋል፤ ግማሾቹን አስተምረዋላ። የወልቂጤን ታክሲ ያህል የሞላ ክፍል፣ ስድሳ አራት ልጅ፣ ያለ አርጩሜ ዝም ያሰኛሉ። ሰዋስው ላይ እኔን እጥፍ ድርብ አድርገው ይበልጡኛል። ያነበቡትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቁጥር እሳቸውም አያውቁትም። አፋቸው ላይ ሲደርስ ግን ይፈራሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጀምሩና፣ መሀሉ ላይ እንደ ደከመው ሰው ዞር ብለው አማርኛው ላይ ቁጭ ይላሉ።

ሥራ ጀመርን። ከክፍል በፊት የሚሏትን ሁሉ አጫጭር አድርገን በኪስ ማስታወሻቸው ላይ ጻፍን። ቁሙ፣ ተቀመጡ፣ ከጎናችሁ ላለው አሳዩ። በቃል የማይገለጸውን በእጅ፣ በሥዕል፣ በትወና ይሁን አልን። እኝህ ኮስታራ ሰውዬ ፈረስና ዶሮ ሆነው ሳያቸው ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ልጆቹማ በደስታ ሞቱ። አማርኛ ሊያመልጣቸው ሲል ደግሞ እኔ ከኋላ እስላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንዷ ተማሪ በእረፍት ሰዓት ጠርታኝ ነጭ ሽንኩርት በማር እንድበላ መከረችኝ።

ጭረቱ ዘጠና ደረሰ፤ ከዚያ ሃምሳ። «እህ» እያሉ ወደ ውስጥ የሚተነፍሷት የእሺታ ድምፅ አማርኛ ናት አይደለችም ብለን አንድ ሙሉ እረፍት ተከራክረናል። «እስትንፋስ እንዴት ይቆጠራል?» ብለው ተቆጡ፤ ተውኩላቸው። ኅዳር ሲገባ ሠላሳ አንድ ጭረት ቀረ። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ስምንቱ አንዲት ቃል ነበረች፤ «ገባችሁ?»

ይቺን ቃል ማስተው አልቻልኩም። ብስል አይሰሙም። ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፣ ይተውናሉ፣ ዞር ይላሉ፤ «ገባችሁ?» ሳያውቁት ነው የምትወጣቸው። ወይዘሮ የሺሀረግ ሊመጡ አምስት ሳምንት ቀርቷቸው ነበርና እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር። ጋሽ ሚደቅሳ ከተነሱ ሰርተፊኬቴም አብሮ ይነሳል። አልዋሽም፣ ስለ እሳቸው ብቻ አልነበረም የምጨነቀው።

አንድ ቀን መምህራን ክፍል ውስጥ ሻያችንን ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ «በምን ልተካት?» አሉኝ።

«ነገርኩዎት እኮ ጋሼ። 'ዱ ዩ አንደርስታንድ' ይበሏቸው።»

«ብዬ ነበር። 'የስ ቲቸር' ይሉኛል በአንድ ድምፅ። የገባውም ያልገባውም ይላል። እንደ መዝሙር ነው የያዟት።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔ እኮ ነኝ አንቺን የጠየቅኩሽ። በአማርኛ መግባት ነው፤ በእኛ በኦሮምኛም መግባት ነው። እንግሊዝኛ ብቻ ነው ከሥር መቆም የሚለው። አንደር ከሥር፣ ስታንድ መቆም። ከሥር የቆመ ሰው መቼ ገባ?»

ደክሞኝ ነበር። ከጥዋት ጀምሮ አራት ክፍል ውስጥ ጭረት ስስብ ውያለሁ። «እንግዲያው 'ዲድ ኢት ኢንተር ዩ' ይበሏቸዋ!» ብዬ ሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። ማስታወሻቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡና ጻፉ። ሲጽፉ አይቻለሁ። ቀልዱን ወደው ነው አልኩ በልቤ። ደወሉ ተደወለ፣ ተነሳን። እሺ፣ ያኔ አንዲት ቃል ብናገር ምን ነበረበት? «ጋሼ፣ ስቀልድ ነው፤ እንደሱ አይባልም» ማለት ነው። ግን ያስተማረኝን ሰው፣ የአባቴን እኩያ፣ ይሄም ጠፍቶዎት ነው ማለት መሰለኝ። ነውር መሰለኝና ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት የሌሎቹ መምህራን ክፍል ስገባ ከረምኩ። ወደ አምስተኛ «ለ» የተመለስኩት የግምገማው ሰኞ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ቀን ነው። ደብተሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ገጹ ባዶ ነው። ጋሽ ሚደቅሳ ሰሌዳውን ትተው ወደ ልጆቹ ዞሩና ደረታቸውን ነፍተው፣

«ዲድ ኢት ኢንተር ዩ?» አሉ።

«የስ ቲቸር፣ ኢት ኢንተርድ!» አለ ክፍሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ አስተጋባ።

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳ፣ ከአጠገቤ ካለው የመጨረሻ ወንበር ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። «ኖት ኢንተር፣ ቲቸር።» ጀነት ነበረች። ጀነት በዚያው መስከረም ከስልጤ ገጠር አጎቷ ጋር ልትኖር የመጣች ልጅ ናት፤ አጎቷ ተክለ ሃይማኖት ጫማ ይሸጣል። አማርኛዋ ገና ስለሆነ ልጆቹ ይስቁባታል፤ በየትኛውም ክፍለ ጊዜ አፏን ስትከፍት አይቼ አላውቅም ነበር። ጋሽ ሚደቅሳ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ መጥተው፣ በጣታቸው ዴስኩ ላይ እየሳሉ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ደግመው አስረዷት።

እኔ ግን ያን ጊዜ ጀነትን አላየኋትም። የታየኝ የወይዘሮ የሺሀረግ ፊት ነው።

ደወል እንደተደወለ ጋሽ ሚደቅሳ መጡ። «ስንት?» አሉኝ።

«ዜሮ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት። «ዜሮ» አሉ ለራሳቸው። እስቲ በዚህ ላይ ምን ይባላል? ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ዓርብ ለቅሶ ሄደው አልመጡም። ቅዳሜን እንዴት እንደዋልኩ አላውቅም፤ አባቴ ያስያዘኝን ቀሚስ ዘምዘማ ሦስቴ አስፈታኝ። እሑድ ቆርጬ ተነሳሁና ቤታቸው ሄድኩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ደሚቱ በር ከፈቱልኝ። ኮታቸውን እየተኮሱላቸው ነበር። «ቀስ ብለሽ ግቢ፣ ተኝቷል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከጥቅምት ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አልነበረውም። ሲገላበጥ ነው የሚያነጋው። ከሐሙስ ወዲህ እንዴት እንደሚተኛ! እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ፣ አንቺ ነሽ።»

የሰጡኝን ሻይ ጠጣሁ። እቀሰቅሳቸዋለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አመስግኜ ወጣሁና እስከ ልደታ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ ውስጥ ሰው እንዲያየኝ አልፈለግኩም።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ የሺሀረግ ከርዕሰ መምህራችን ከአቶ ዋቅሹማ ጋር ገቡና ከእኔ ጎን ተቀመጡ። ጠየም ያሉ፣ ጸጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ትምህርቱ «ቢፎር» እና «አፍተር» ነበር። ጋሽ ሚደቅሳ ሦስት ልጆች አስነሱና የታክሲ ሰልፍ አሰለፏቸው። ፊራኦል መጀመሪያ፣ ሲፈን ቀጥላ፣ ከዚያ ሙስአብ። ራሳቸው ረዳት ሆነው በር ከፈቱ። ማን ከማን በፊት እንደሚገባ፣ ማን ከማን በኋላ እንደሚወርድ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። የወይዘሮ የሺሀረግ ፊት ፈካ አለ፤ ወረቀታቸው ላይ ሲጽፉ ጥሩ ጥሩ እንደሚጽፉ ከእጃቸው ያስታውቅ ነበር። እኔ በልቤ ያቺን ጥያቄ አይበሏት፣ ዛሬ ብቻ አይበሏት እያልኩ ነው። እንዲያውም ልስል አሰብኩ። ግን አማርኛ ሳይናገሩ ብስል ግራ ይጋባሉ፣ ይባስ ይደናገራሉ።

ዞሩ። ደረታቸውን ነፉ።

«ዲድ ኢት ኢንተር ዩ?»

«የስ ቲቸር፣ ኢት ኢንተርድ!»

«ኖት ኢንተር፣ ቲቸር» አለች ጀነት።

የወይዘሮ የሺሀረግ እስክሪብቶ ቆመ። አቶ ዋቅሹማ ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጋሽ ሚደቅሳ ግን ምንም አላዩም። ጀነትን እጇን ይዘው አመጡና ሰልፉ መሀል አስገቧት፤ በሲፈንና በሙስአብ መካከል። «ቢፎር ሙስአብ፣ አፍተር ሲፈን» አለች ጀነት ራሷ፣ ማንም ሳይነግራት። ክፍሉ አጨበጨበ። ያ ክፍለ ጊዜ ከአማርኛ አንዲት ቃል ያልወጣበት፣ እኔ ካየሁት ሁሉ የበለጠ ትምህርት ነበር። ከጎኔ ግን እስክሪብቶው ሌላ ነገር መጻፍ ጀምሯል።

ከዚያ አቶ ዋቅሹማ ቢሮ ተቀመጥን። «መምህር ሚደቅሳ» አሉ ወይዘሮ የሺሀረግ፣ በአክብሮት ነው፣ «ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። 'ዲድ ኢት ኢንተር ዩ' የሚል እንግሊዝኛ የለም። ስድሳ አራት ልጅ ይሄን ይዞ ሊያድግ ነው። ከየት አመጡት?»

ወለሉን አየሁ። ምንጣፉ ላይ የቀለም ጠብታ ነበር፣ ቅርጹ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ተናገሪ፣ ተናገሪ አልኩ ራሴን። ምላሴ፣ ያ ከሐሳቤ የሚቀድመው ምላሴ፣ ተሳሰረ። ፈራሁ። መምህራንን ልትረዳ ሠልጥና ይሄን አስተማረች ቢባል ሰርተፊኬቴ ሳይሆን እንጀራዬ ነው የሚሄደው አልኩ።

ጋሽ ሚደቅሳ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ፣ «የራሴ ነው» አሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤው መጣ። ጋሽ ሚደቅሳ እስከ ጡረታቸው በቤተ መጻሕፍት እንዲሠሩ፤ አምስተኛ «ለ»ን መምህርት ሳዲያ እንድትይዝ። ክፍሉን ለእኔ! ደብዳቤውን ሳነብ ፊቴን በጥፊ የተመታሁ ያህል ተሰማኝ።

ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ሁለት መደርደሪያና አንድ የተሰበረ ወንበር ያለበት ክፍል ነው። ስገባ የመጽሐፍ ጀርባ በሙጫ እየለጠፉ ነበር። ያሰብኩትን ሁሉ ረስቼ አለቀስኩ። «ጋሼ፣ ቀልድ ነበር። ስቀልድ ነው የጻፉት። ልነግርዎት ብዬ...»

«ቀልድ መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለሽ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «መጀመሪያ ቀን ነው ያወቅኩት። እንደዚያ አይባልም፤ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

ሙጫውን አስቀመጡ። «እኔ ከወሊሶ ማዶ ካለ ገጠር ስመጣ አማርኛ አንድ ቃል አላውቅም ነበር። አንደኛ ክፍል ገባሁ። መምህሩ 'ገባችሁ?' ይላል፣ ልጁ ሁሉ 'አዎ!' ይላል፣ እኔም 'አዎ!' እላለሁ። ዓመት ሙሉ 'አዎ' አልኩ ሳዲያ። 'ገባችሁ' ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንኳ ሳይገባኝ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ጥያቄ ሳልጠይቅ ማስተማር አልችልም። ጀነት ደግሞ መስከረም ላይ እንደዚያው ነበረች። በአማርኛ ስጠይቅ ከሁሉ ኋላ ናት፣ ታፍራለች። አማርኛው ሲጠፋ፣ ያ መመሪያችሁ ይባረክና፣ ከሁሉም እኩል ሆነች። በዚያች በጎደሎዋ እንግሊዝኛሽ ስጠይቃቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ የሳቀ ልጅ ደግሞ አይፈራም። አልገባኝም አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር በእንግሊዝኛ 'አልገባኝም' ያለኝ የመጀመሪያ ልጅ እሷ ናት። እንዴት ልተዋት?»

«ለምን አልተናገሩም? ለምን የራሴ ነው አሉ?»

«አንቺ ሠላሳ ዓመት ይቀርሻል፤ እኔ ሁለት። በይ ሂጂ፣ ልጆቹ ይጠብቁሻል።»

ሄድኩ። ትክክለኛውን እንግሊዝኛ አስተማርኳቸው። «ዱ ዩ አንደርስታንድ?» ስል «የስ ቲቸር!» ይሉኛል፣ እንደ መዝሙር። የቀድሞዋን ሲሉ አረምኳቸው፤ በሁለት ሳምንት ጠፋች። ጀነትም ጠፋች፤ ማለቴ ወንበሯ ላይ ነበረች፣ ድምፅዋ ነው የጠፋው። «ትክክለኛውን 'አልገባኝም' በዪ» ብዬ ስንት ጊዜ በእንግሊዝኛ አስጠናኋት። አንገቷን ደፍታ ዴስኩን ታያለች። በእረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ስትቆም አያታለሁ፤ ገብታ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የካቲት ላይ ወይዘሮ የሺሀረግ የእኔን ክፍል ሊያዩ መጡ። ሰርተፊኬቴ ተፈርሞ ቦርሳቸው ውስጥ እንዳለ አቶ ዋቅሹማ በጆሮዬ ነግረውኛል። ከኋላ፣ ድሮ እኔ እቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጡ። ሁሉም ነገር እንደ ዕቅዱ ሄደ። ጽሑፉ፣ ሥዕሉ፣ የጥንድ ሥራው። አንዲት የአማርኛ ቃል አልወጣችኝም።

«ዱ ዩ አንደርስታንድ?»

«የስ ቲቸር!»

ወይዘሮ የሺሀረግ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ከአጠገባቸው ጀነት ከሁሉም ጋር ከንፈሯን አንቀሳቅሳለች፤ የስ ብላለች። እጄ ላይ ያለው ጠመኔ ተሰበረ። በአንድ እጄ ጠረጴዛውን ያዝኩ። አርባ ደቂቃው ሊያልቅ አምስት ቀርቶታል። ዝም ብል ያልቃል።

«ዲድ ኢት ኢንተር ዩ?» አልኩ።

አንድ ልጅ ሳቀ፣ ሁለት ሳቁ፣ ከዚያ ስድሳ አራቱም። «ኢት ኢንተርድ!» አሉ ከግራ በኩል ያሉት። ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። ወይዘሮ የሺሀረግን አላየሁም፤ የማየው ጀነትን ነው። አንገቷን ቀስ ብላ አቀናች።

«ኖት ኢንተር፣ ቲቸር።»

አጠገቧ ሄጄ ተንበረከክሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋት። ሲደወልም አልጨረስኩም ነበር። ልጆቹ ወጥተው ሲያልቁ ወይዘሮ የሺሀረግ ቦርሳቸውን እንደያዙ እዚያው ቆመዋል።

«አንቺም?» አሉኝ። «አርመሽው አልነበረም? ደግሞ አንቺ ከየት አመጣሽው?»

በዚህ ጊዜ ወለሉን ሳይሆን ዓይናቸውን አየሁ።

«የኔ ነው» አልኳቸው። «ያኔም የኔ ነበር።»